የስልክ ቅርጫት

«ቴሌቪዥኑንም?» አለች ታሊያ።

«ቴሌቪዥኑንማ!» አክስቷ ሮዝሊን ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ቆማለች። «ሲጠፋ ምንድነው? መስታወት ነው። ነይ እስቲ እዪው፤ አገጬ ላይ ያለችው ፀጉር ሳትቀር ትታያለች። ለቅሶ ቤት መስታወት ይሸፈናል፤ አለቀ።»

«ሕጉ ላይ ስለ ቴሌቪዥን የተጻፈ ነገር የለም እኮ።»

«ሕጉ ሲጻፍ አባትሽ መቼ ተወለደና! ጫፉን ያዢልኝ።»

ታሊያ ጫፉን ያዘች። ቢጫ አበባ ያለበት፣ ዙሪያውን ላስቲክ የገባለት የአልጋ አንሶላ ነው። በአራቱም ማዕዘን ጥብቅ ብሎ ሲገባ ለቴሌቪዥኑ ተለክቶ የተሰፋ መሰለ። ሁለቱም ራቅ ብለው አዩትና ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ሮዝሊን ከወንበሩ ሳትወርድ ማልቀስ ጀመረች፤ ታሊያ ወገቧን ይዛ አወረደቻት።

የቀበሩት በዚያው ዕለት፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። የሁለቱም ኮሌታ እንደ አይሁድ የለቅሶ ሥርዓት መቃብሩ ዳር ተቀዷል። ቀብር አስፈጻሚው የላካቸው እግረ አጭር የሐዘንተኛ ወንበሮች ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ኩሽና ውስጥ ጎረቤት ቀቅሎ ያመጣው እንቁላል፣ ሁለት ሳህን ዓሣና አርባ ቤገል፣ ቀለበት መሳይ ዳቦ፣ አለ። ለሁለት ሐዘንተኛ አርባ ቤገል ማን እንደሚበላው የሚያውቅ የለም፤ የሎስ አንጀለስ ለቅሶ ደራሽ ግን ባዶ እጁን መምጣት አይሆንለትም።

ሟቹ የታሊያ አባት፣ የሮዝሊን ወንድም ሼልደን ግሊክማን ነው፤ ሰው ሁሉ ሼሊ እያለ የሚጠራው። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሰኞ ጠዋት የሎሚ ዛፉን ውሃ ሲያጠጣ ልቡ ቆመ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ አገር ሥራ ፈቶ ያየው የነበረውን «አራተኛው መስመር» የተባለውን ድራማ የጻፈው እሱ ነው። ድራማው አደጋ የደረሰበት ሰው ሲደውል ስልኩን ስለሚያነሱ ሠራተኞች ነው። ከቤቷ የተባረረች እናት፣ አምቡላንስ የማይደፍረው ሰፈር፣ ፖሊስ ፈርቶ የማይደውል ስደተኛ፣ የከተማው ጉድ ሁሉ በዚያ መስመር ይመጣል። ሼሊ ይህን ለመጻፍ ብሎ እውነተኞቹ ስልክ ተቀባዮች አጠገብ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ሲሞት ጋዜጣው ላይ «ለሌላው የሚገደው ብዕር» ተብሎለታል።

ታሊያ ጋዜጣውን አጥፋ አስቀመጠችው። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትጠይቅ የቆየችውን አንድ ነገር። አባቷ በወንድሟ ሞት እሷን ይወቅስ ነበር ወይ? አሁን መልሱን የሚያውቀው ሰው አፈር ገብቷል።

የለቅሶ ቤት በር አይንኳኳም፤ ተገፍቶ ይገባል። ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ተዋንያን መጡ፣ የካሜራ ሠራተኞች መጡ፣ የምኩራብ ሰዎች መጡ፣ ከሼሊ ጋር በሎሚ ዛፉ ቅርንጫፍ ምክንያት አሥር ዓመት የተኳረፈው ጎረቤት ሳይቀር መጣ። ሁሉም ገና ከበሩ ማውራት ይጀምራሉ።

አንዲት ሴት ግን ገባችና ምንም አላለችም። አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ፀጉሯ አጭር ነው። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። አበባማው አንሶላ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ታሊያ ቀና ስትል ሴትየዋ ታያታለች፤ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ዝም ትላለች። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ወጣች።

«ማናት?» አለች ታሊያ።

«የጎረቤት የቤት ሠራተኛ ትሆናለች» አለች ሮዝሊን።

«በዚያ ውድ ጫማ?»

ሮዝሊን ጫማውን አላየችም ነበር። አሁን ቆጫት።

ሐሙስ ዕለትም ሴትየዋ መጣች። ያው ወንበር፣ ያው የተጠቀለለ ነገር፣ ያው ዝምታ። ታሊያ ሚልዋኪ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው መናገር የማይችሉ ሰዎችን ስታይ ትውላለች። ሊናገር የፈለገ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ይቺ ሴት የሆነ ነገር ጉሮሮዋ ላይ አለ። ብትጠይቃት ምን ነበረበት? ግን ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ እጅ ይጨበጣል፤ ሳይሆን ቀረ።

ዴዝመንድ ተል በዚያው ቀን መጣ። የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ «አራተኛው መስመር» ላይ ዋናው ስልክ ተቀባይ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ድምፁ አሁንም ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ታሊያን በልጅነቷ ትከሻው ላይ ተሸክሟት ያውቃል።

«አጎቴ ዴዝመንድ» አለችው ከዝቅተኛው ወንበር ሳትነሳ።

«የኔ ቆንጆ። አትነሺ፣ አትነሺ። እኔ ነኝ የምወርደው።» ጉልበቱ እየተንቋቋ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። «አባትሽ ጨካኝ ነበር፤ ታውቂያለሽ? ለሌላው ሰው ማር ነው፤ ለእኔ ግን ጨካኝ! አንዲት ዓረፍተ ነገር ሠላሳ አንድ ጊዜ አስደግሞኛል። ሠላሳ አንድ! የመብራት ሠራተኞቹ ተቀምጠው አንቀላፉ። ‹አሁንስ ሼሊ?› እለዋለሁ፤ ‹አይደለም፣ አዘንክላት› ይለኛል። እደግማለሁ፤ ‹አሁን ደግሞ አባበልካት› ይለኛል።»

«ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው?»

«አላየሽውም እንዴ? ክፍል አርባ ሁለት ላይ ያለችው…»

የታሊያ ፊት ጠቆረ። ሽማግሌው ልምድ ያለው ተዋናይ ነውና ወዲያው ገባው፤ አፉን ያዘ። ሮዝሊን እንደ ደራሽ ጦር ዓሣ ይዛ ከተፍ አለች።

ዴዝመንድ ለመውጣት ሲነሳ ዝምተኛዋን ሴት አየና ቆመ። «ማሪቤል! ማሪቤል ኦካምፖ! አንቺም እዚህ ነሽ?» ሴትየዋ ፈገግ አለች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ በዓይኗ ወደ ታሊያ አመለከተች። ዴዝመንድ ግራ ገብቶት ወደ ሮዝሊን ጎንበስ አለ። «ይቺ ልጅ የሦስት ድራማ አለቃ ናት እኮ ዛሬ። ስታወራ ማን ያስቆማታል! ምን ነካት?»

«እንጃ» አለች ሮዝሊን። «ስእለት ይኖርባታል።»

ክፍል አርባ ሁለት። ታሊያ ያንን ቁጥር ከሰማች ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ረስታው አታውቅም።

ታሊያና ወንድሟ ጆና ልጅ ሳሉ አባታቸው እራት ላይ ይፈትናቸው ነበር። «ቤታችን እሳት ተነሳ። ታሊያ፣ ደወልሽ። መጀመሪያ ምን ትያለሽ?»

«እሳት!»

«አይደለም።»

«እርዱን!»

«አይደለም። ጆና?»

«አድራሻ» ይላል ጆና፣ አፉን ድንች ሞልቶ።

«አድራሻ! ስማችሁን ባያውቁ ይመጣሉ። አድራሻችሁን ካላወቁ ግን የትም አይመጡም።»

ጆና በሁለት ዓመት ይበልጣታል፤ አስም ነበረበት። ሁለት ጊዜ አምቡላንስ ተጠራለት። በሁለተኛው ጊዜ መኪናው እስኪደርስ ትንፋሹ ተመልሶለት በር ላይ ቆሞ ከሹፌሩ ጋር ሲቀልድ ተገኘ። ሼሊ በዚያው ሰሞን የሚጽፈው አምቡላንሱ ለሌላ ሰው ሆድ ቁርጠት ስለሄደበት መንገድ ላይ ስለሞተ ሽማግሌ ነበር። እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ማዳመጫው ውስጥ በጆሮው ሰምቶታል። ማታ እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦ «ያ መኪና ለሌላ ሰው ያስፈልግ ይሆናል። ከእንግዲህ መጀመሪያ ለእኔ ደውሉ። እኔ እወስናለሁ።»

ክፋት አልነበረበትም። የማያውቀው ሽማግሌ አሳዝኖት ነው።

በጥቅምት ኮረብታዎቹ ተቃጠሉ። ጭሱ ወርዶ ሸለቆውን ሞላው፤ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በጊዜ ለቀቀ። ታሊያ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጆና ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጠ፤ የሚስበውን መድኃኒት ደጋግሞ ሳበ፤ ከዚያ ጣሳው ባዶ ሆነ። እናታቸው ከከተማ ወጥታለች። ታሊያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስልክ አንስታ ለአባቷ ደወለች። ጠራ፤ አልተነሳም። «ሼሊ ነኝ፤ መልእክት ተዉልኝ።» ዘግታ ደወለች። ዘግታ ደወለች። ጆና በእጁ «ተይው፣ ይመጣል» የሚል ምልክት ያደርግላታል። ሰባት ጊዜ ደወለች። ከዚያ ነው የአምቡላንሱን ሦስት ቁጥር የመታችው። «አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሊንደር ጎዳና» ብላ የቤታቸውን አድራሻ አስተካክላ ተናገረች። መካከሉ ላይ የባከነው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አባቷ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ፊቱን አላዞረም። «ስንት ጊዜ ደወልሽ?» አላት።

«ሰባት።»

ራሱን ነቀነቀ። ተነስቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ስለዚያ ቀን ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጥያቄውን በገባት መንገድ ይዛው አደገች፤ ለእኔ ሰባት ጊዜ ስትደውዪ ለእነሱ አንድ ጊዜ መደወል እንዴት አቃተሽ?

በጸደይ ክፍል አርባ ሁለት ተላለፈ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አንዷ ልጅ ቀርባ «ስለ እናንተ ነው አይደል? አስም ያለበት ልጅ ነው» አለቻት። አባቷ የወንድሟን ሞት ለሕዝብ ቸረቸረው ማለት ነው፤ እሷንም ስልክ ይዛ ስትርበተበት ለአገር ሁሉ አሳያት ማለት ነው። አላየችውም። አባቷ ተሸለመበት፤ አላየችውም። አሥራ ስምንት ሲሞላት ርቃ ሄደች። እናቷም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየች፤ ትዳሯን ፈትታ፣ ሌላ ከተማ ኖራ እዚያው አረፈች።

ከዚያ በኋላ የቀረው የእሁድ ስልክ ነው። አባቷ የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ ያነሳል። ምግብ ቤት ሆኖ ያነሳል፣ ሐኪም ፊት ራቁቱን ተቀምጦ ያነሳል፤ አንድ ጊዜ በታላቁ የጾም ቀን ምኩራብ ውስጥ አንስቶ ሰው ተቆጥቷል። ሰላም አይላትም። የመጀመሪያ ቃሉ «የት ነሽ?» ነው።

«ሚልዋኪ ነኝ አባዬ። የት እሆናለሁ?»

«እሺ። ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«ሌላስ?» ይላል ደግሞ። መስመሩ ላይ ትንፋሹ ይሰማታል። የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስላል። እሷም ይጨንቃታል፤ ታካሚ መጣብኝ ብላ ትዘጋለች፤ እሁድ ቀን ምን ታካሚ አለ።

አርብ ማሪቤል ኦካምፖ መጣች፤ ተቀመጠች፤ ዝም ብላ ሄደች። ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ ለቅሶ አይቀመጡም። እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና በሩን ገፍታ ገባች። ቤቱ ውስጥ ከሮዝሊን ሌላ ሁለት የምኩራብ ሰዎች ብቻ ናቸው። ታሊያ ከዝቅተኛው ወንበሯ ተነሳች፤ ወንበሩን እየጎተተች ሄዳ ሴትየዋ ፊት ተቀመጠች።

«አባቴን በምን ያውቁታል?» አለቻት።

«እፎይ!» ማሪቤል ትንፋሿን ለቀቀችው። «አራት ቀን! አራት ቀን ሙሉ! አንቺ ልጅ፣ ልትገድዪኝ ነበር እኮ!»

የምኩራብ ሰዎቹ ዞር አሉ። ሮዝሊን ሻይ ይዛ ደረቀች።

«ምን አደረግኩ?»

«ቀብሩ ላይ ወረቀት ሰጡኝ፤ የለቅሶ ሥርዓት የሚል። ‹ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት ለቅሶ ደራሽ አይናገርም› ይላል። እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ በምን አውቃለሁ? የተጻፈውን አደረግኩ።»

«ወይ ጉድ!» አለች ሮዝሊን። «ልክ ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ግን የሚያከብረው ሰው ሳይ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ! እኛ ራሳችን የት አክብረነው እናውቃለን!»

ማሪቤል ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። ሻርፑን ፈታች። ውስጡ ያረጀ የዳቦ ቅርጫት ነው፤ አንድ ጎኑ ተበጥሷል።

«ይሄ የጠረጴዛው ነው» አለች። «ከአባትሽ ጋር የምንጽፍበት ጠረጴዛ። የዚያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከተቀጠርኩ ገና አንድ ወር ነው። ሥራዬ የሚባለውን ሁሉ መጻፍና ቅርጫቱን መጠበቅ ነበር። ጠዋት ሁሉም ሰው ስልኩን እዚህ ውስጥ ይጨምራል፤ ታሪኩ እስኪያልቅ ማንም አይነካም። ሕጉን ያወጣው አባትሽ ነው። ስልክ ባለበት ታሪክ አይሠራም ይላል።»

ታሊያ ቅርጫቱን አየችው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ገብቷታል፤ እንዲያም ሆኖ መስማት ፈለገች።

«ያን ቀን አንዱ ስልክ ነዘረ» አለች ማሪቤል። «አየሁት። ‹ቤት› ይላል። አባትሽ ሰሌዳው ጋ ቆሞ ነበር። እጄን አወጣሁ። አየኝ። ቅርጫቱንም አየ። በእጁ እንዲህ አለኝ…» መዳፏን አየር ላይ ወደ ታች ገፋ አደረገች። «‹ቆይ› ማለቱ ነው። ታሪኩ ሊፈታልን አንድ ሐሳብ ቀርቶን ነበር። ስልክ ስለሚያነሱ ሰዎች ነበር እኮ የምንጽፈው ታሊያ! ስምንት ሰው ተቀምጠን! እንደገና ነዘረ። እንደገና። ሰባት ጊዜ። እኔ ቆጥሬዋለሁ። አራተኛው ላይ ማንሳት እችል ነበር፤ አምስተኛው ላይ እችል ነበር። አዲስ ነበርኩ። ፈራሁ።»

ሮዝሊን ሻዩን አስቀመጠች።

«ያውቅ ነበር?» አለች ታሊያ። «ከቤት እንደሚደወል ያውቅ ነበር?»

«ከቤት መሆኑን አላየም። የእሱ ስልክ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር።»

ታሊያ ተነስታ ኩሽና ገባች። ተናዳለች። ሃያ ሦስት ዓመት ያለ ቦታው የኖረ ንዴት ዛሬ ቦታውን አገኘ፤ ባለቤቱ ግን የለም። ቧንቧውን ከፈተችና እጇን ሥሩ አድርጋ ቆመች። ግድግዳው ላይ ያ ስልክ አሁንም ተንጠልጥሏል፤ ገመዱ ተጠምዝዟል። ሰው ሁሉ እያየው ሲስቅበት አባቷ አላስነቅለውም ብሎ ነበር። ውሃውን ዘግታ ተመለሰች።

«ክፍል አርባ ሁለት ላይ» አለች፤ ቃሉን ከአፏ ለማውጣት አስቸገራት፤ «እህትየዋ ምን ታደርጋለች?»

«የቷ እህት?»

«የልጁ እህት። ሳትደውል የዘገየችው።»

ማሪቤል አፏን ከፍታ አየቻት። «አላየሽውም» አለች ቀስ ብላ። «አላየሽውም ማለት ነው። ታሊያ፣ እህት የለችም። የዘገየች ልጅ የለችም። እኛ ሐሳብ ስናመጣ ‹እህት ብትኖርስ› ያለ አንድ ጸሐፊ ነበር፤ አባትሽ ከጠረጴዛው አስነስቶ ወደ ቤቱ ሰደደው። ታሪኩ ስለ አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ነው። ለድሃ ሰፈሮች አምቡላንስ ይጨመር ብሎ ስብሰባ ይመራል፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ስልኩ ቅርጫት ውስጥ ሰባት ጊዜ ይጮኻል። አያነሳም። ልጁ ይሞትበታል። አለቆቹ መጨረሻው ላይ ይቅር ይባል ብለው ለመኑት፤ አባትሽ አሻፈረኝ አለ። ሰውየው ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ያልቃል።»

«እኔስ?»

«አንቺ ድምፅ ብቻ ነሽ። ስምም ፊትም የለሽም። አራተኛው መስመር ላይ ትደውያለሽ፤ አድራሻውን አጥርተሽ ትናገሪያለሽ። ዴዝመንድ ያነሳል።»

«ለምን አልነገረኝም?» ታሊያ መጮኋ አልታወቃትም። «አጠገቤ ነበር እኮ! ለምን በአፉ አልነገረኝም?»

«ጠይቄዋለሁ። ከተላለፈ ከሳምንት በኋላ ‹ታሊያ ምን አለች?› አልኩት። ‹ገና ምንም አላለችም፤ ትላለች› አለኝ። በዓመቱም ጠየቅኩት። ‹ሃያ ሚሊዮን ሰው አይቶታል፤ ልጄ አላየችውም አይባልም። ጊዜ ትፈልጋለች፤ እጠብቃታለሁ› አለኝ።» ማሪቤል ቅርጫቱን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። «እኛ የዚህ ሥራ ሰዎች እንደዚህ ነን። በቴሌቪዥን ከተላለፈ የተነገረ ይመስለናል። እኔም ለእናቴ ይቅርታ የጠየቅኳት በድራማ ነው፤ እናቴ ቴሌቪዥን የላትም።»

ሌላስ? ሌላስ? ታሊያ አሁን ገባት። በየእሁዱ መልሷን ሲጠብቅ ነበር። ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች፤ የተቀደደውን ኮሌታዋን ይዛ አለቀሰች፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ማሪቤል መናገር ተፈቅዶላትም ዝም አለች።

ሰኞ ዴዝመንድን ራሷ አስጠራችው። ሽማግሌው ባርኔጣውን ይዞ፣ ምን አጠፋሁ እያለ ገባ።

«አጎቴ ዴዝመንድ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር በልልኝ።»

ሮዝሊንን አየ፤ ሮዝሊን ራሷን ነቀነቀችለት። ዴዝመንድ ምንጣፉ ላይ አልተቀመጠም፤ የታሊያን ፊት እንዳያይ ወደ መስኮቱ ዞረ። ስልክ ተቀባይ የደዋዩን ፊት አያይም።

«አንቺ ድርሻሽን ጨርሰሻል፤ የቀረው የእኔ ነው።»

ዴዝመንድ እንደዞረ ቆየ። «መጨረሻ ላይ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹አትዘንላት፣ አትደልላት። እንደ አድራሻ በላት› አለኝ። ያን ጊዜ ነው የሆነችልኝ።» ባርኔጣውን እያገላበጠ ወደ እሷ ዞረ። «የዛሬዋ ሠላሳ ሁለተኛ ናት። ጥሩ ነበረች?»

«ጥሩ ነበረች» አለች ታሊያ።

ማክሰኞ ሰባተኛው ቀን ነው። ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ብቻ ተቀመጡ፤ ከዚያ የምኩራቡ ሽማግሌ መጥቶ «በሉ ተነሱ» አላቸው። ተነሱ። እንደ ደንቡ አክስትና የወንድም ልጅ ተያይዘው ሰፈሩን አንድ ዙር ዞሩ። ሎሚ ያጣላው ጎረቤት አጥሩ ላይ ተደግፎ ባርኔጣውን አነሳላቸው። ሮዝሊን እግሯን አሟታል፤ ግን አላሳጥርም አለች።

ሲመለሱ ሮዝሊን መሸፈኛዎቹን ገፈፈች፤ የመተላለፊያውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን፣ የመኝታ ቤቱን። መጨረሻ ላይ አበባማውን አንሶላ ላስቲኩን ይዛ ቆመች። «ይሄንንስ ላንሳው? ማሪቤል ክፍል አርባ ሁለትን ልካልሻለች አይደል? አብሬሽ ልየው?»

«አብረን እናየዋለን» አለች ታሊያ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ስልክ ልደውል።»

ኩሽና ገባች። ቅርጫቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማሪቤል ትታው ሄዳለች፤ ውስጡ የአባቷ ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል። ታሊያ ከግድግዳው የድሮውን ስልክ አነሳች። ቁጥሩን መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ጣቶቿ ያውቁታል። ገመዱን እየጎተተች ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

ቅርጫቱ ውስጥ ብርሃን በራ። «ቤት» ይላል። ስልኩ የተበጠሰውን ጎን እያንቀጠቀጠ ጮኸ።

የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ አነሳችው። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጆሮዋ ያዘች። መስመሩ ላይ የራሷ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማት። የት ነሽ የሚላት የለም።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሊንደር ጎዳና» አለች ታሊያ፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየለየች፣ ቀስ ብላ፣ አጥርታ። ከዚያ ሳትዘጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።